ሀምሳ ፈረስ ደብረ ብርሃን ላይ ጠፋብኝ

ጥቅምት 2015 ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ጀምሬያለሁ። ከፊቴ አንድ ሲኖትራክ ጭነቱን ተሸክሞ ያቃስታል። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አልለቅም ብሏል። እኔ የያዝኩት ቀይ ቶዮታ 86 ነው፤ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ስፖርት መኪና። ወረቀቷ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት ይላል። ሲኖትራኩን ልቅደም ብዬ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጠኋት። ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ወደ ሁለተኛ መልሼ እንደገና ረገጥኩ። ያኔ ነፍስ ዘራች፣ እኛም እንደምንም አለፍን። አጠገቤ የተቀመጡት አባባ ናቸው፤ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዘው የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ ያረጁ ሰው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እነዚህ ሁለት መቶ ፈረሶችህ ቁርስ አልበሉም እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም የጠየቁት ነገር ትክክል ነበር።

መኪናዋ የአክስቴ ልጅ ንብረት ነበረች። እሱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። የካናዳ ጉዳዩ አልቆለት ያለውን ሁሉ እየሸጠ ነበር። «ለደላላ ከምሰጣት አንተ ውሰዳት፤ ግን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ያዛትና እያት» አለኝ። ከዚህ በላይ ፈተና የለም። እኔ እኮ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ስለ ስፖርት መኪና ማንበብ የጀመርኩት ገና መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ ነው። የፈረስ ጉልበቱን፣ ክብደቱን፣ ከዜሮ መቶ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት፣ ሁሉንም በቃሌ አውቃለሁ። የማላውቀው መኪናውን ራሱን ብቻ ነበር።

እስቲ ስለ እሷ ላውራ። (የመኪና ዓመት የምጽፈው በፈረንጅ ነው፣ ሌላውን በእኛ።) 86 ለገበያ የቀረበችው 2012 ላይ ነው። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሯት ናት፤ ሱባሩ መንትያዋን ቢአርዜድ ብሎ ይሸጣታል፣ ሁለቱም የሚወጡት ጃፓን ጉንማ ካለው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ሞተሯ ባለ 2 ሊትር ነው፣ ተጨማሪ አየር የሚያጎርሰው ቱርቦ የለውም። ሲሊንደሮቹ እንደ ኮሮላ ቆመው አይደለም፤ ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ቦክሰር የሚሉት ይህንን ነው። ሞተሩ ስለተጋደመ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የመኪናዋ የክብደት ማዕከልም ከመሬት 46 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክብደቷ 1,250 ኪሎ አካባቢ። የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። ስሟን ያወረሰቻት በ1980ዎቹ የነበረች ቀለል ያለች የኋላ ገፊ ኮሮላ ናት፤ የፋብሪካ መለያዋ ኤኢ86 ነበር። ነገር ሲገጥም ደግሞ የአዲሲቷ ሲሊንደር ስፋትም የፒስተኑ ምልልስም እኩል 86 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን ለሰው ስነግር «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ይለኛል። ምንም አይጠቅምም። ደስ ይላል ግን።

የሚገርመው ጎማዋ ነው። ለስፖርት መኪና ቀጭን ነው፤ ስፋቱ 215፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ፕሪየስ ላይም የሚገጠም ዓይነት ጎማ ነው። ንፉግነት አይደለም፣ ሆን ብለው ነው ያደረጉት። ጎማው መሬቱን እንደ ሙጫ ካልያዘ መኪናዋ የምትሠራውን ሁሉ በ50ና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያለህ ትነግርሃለች። ሌሎቹ ትልልቅ ስፖርት መኪኖች አፋቸውን የሚከፍቱት ፍጥነቱ 120 ሲያልፍ ነው። 120 ላይ ደግሞ የእኛ አገር መንገድ ላህያም፣ ለጋሪም፣ ድንገት ለሚሻገር በግም ጊዜ አይሰጥም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ብዙ አላወራበትም። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ንፋሱ ከጎን ይገፋል፣ የመኪናዋ ጩኸት ጆሮ ያደክማል። የሞተሩን ድምፅ በቱቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ነገር ፋብሪካው ገጥሞላታል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ነው። ጫጫ ላይ ስደርስ ዝም በይ ማለት አምሮኝ ነበር።

ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። ደብረ ብርሃን ያለችው ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጣርማ በር 3,000ን ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ይቀንስበታል የሚባለው ለዚህ ነው። ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁት። 200 ፈረስ ይዤ ከፋብሪካ ወጣሁ፣ ደብረ ብርሃን ስገባ የቀሩኝ 150 ገደማ ናቸው። ሀምሳ ፈረስ! በየጉራንጉሩ ስንት የጋሪ ፈረስ በሚታይበት ከተማ ሀምሳ ፈረስ ጠፍቶብኝ ማንንም አልጠየቅኩም።

በዚያ ላይ የመጀመሪያዋ ትውልድ 86 አንድ የታወቀ ነውር አለባት። ሞተሩ በደቂቃ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ሲሽከረከር ጉልበቷ ጎድጎድ ይላል። ሙሉ ጉልበቷን የምታገኘው 7,000 ዙር ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚነዳት ሰው ይህንን ጉድጓድ ትንሽ አጉረምርሞ ያልፈዋል። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ሲኖትራክ ተከትለህ ስትወጣ ግን ሁሌም የምትገኘው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ጉልበት ያንሳታል፣ በሁለተኛ ትጮሃለች። መሀል የለም። አባባ የሰሙት እሱን ነው።

ይህንን ካወቅኩ በኋላ ያነበብኩት ማነጻጸሪያ ሁሉ ተዘበራረቀብኝ። የሚጽፉት ሰዎች የሚነዱት ዝቅ ባለ አገር ነው። እኔ ደግሞ በእነሱ ደረጃ ሰጥቼ የማላውቃቸውን መኪኖች ስወድና ስጠላ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ደረጃውን እንደገና በደብረ ብርሃን አየር ሠራሁት።

ኒሳን 370ዜድ ሁሌም ከ86 በላይ ነበር የማስቀምጠው። ባለ 3.7 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 332 ፈረስ። ቁጥሩን ስትሰማው ልብ ይመታል። ይሄም ቱርቦ የለውም። ደብረ ብርሃን ሲደርስ የሚጎድልበት ከ80 ፈረስ ያላነሰ ነው። አንድ ሙሉ ቪትዝ ማለት እኮ ነው! አየሩ አንድ ቪትዝ በልቶበትም ቢሆን 250 ፈረስ ይቀረዋል፤ ያ ከ86 እጅግ ይበልጣል፣ አልዋሽም። ዳገቱ ላይ እኔ ሁለተኛ ማርሽ ስፈልግ እሱ በሦስተኛ ይወጣል። ግን ክብደቱ 1,500 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ወንበሩም ሁለት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንዴ ተቀምጬበታለሁ። ኃይሉ ጥሩ ነው። ግን መኪናው ከእኔ ጋር አያወራም፣ ብቻውን ነው የሚያወራው።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሌላዋ ናት። 2015 ላይ የወጣችው ትውልድ 1,060 ኪሎ አካባቢ ብቻ ናት፤ ስፖርት መኪና ከዚህ በታች ለመክሳት ይቸገራል። ቀላል በመሆኗ አየሩ ሲበላባትም ብዙ አይከፋትም። መሪዋንና ማርሿን የሚያወድሷት ያለምክንያት አይደለም። ጣሪያዋ ግን ጨርቅ ነው። እኔ ያለሁት በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ በሚነጣበት አገር ነው። ጣሪያዋን ከፍቼ ንፋስ እየተቀበልኩ በጠባሴ ሳልፍ ራሴን አሰብኩት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የአገሬ ሰው ምን ይለኛል? ጠንካራ ጣሪያ ያላት አለች፤ እሷም ብትሆን የኋላ ወንበር የላትም።

ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ የማያቸው ሁለት መኪኖች ግን ከፍ አሉብኝ። አንዱ የሃዩንዳይ ጀነሲስ ኩፔ ነው፣ ባለ 2 ሊትር ቱርቦው፤ ከ2013 ወዲህ ያለው 274 ፈረስ ነው። ሌላው ፎርድ ሙስታንግ፣ ባለ 2.3 ሊትር ቱርቦው፣ 310 ፈረስ። አራት ሲሊንደር ሙስታንግ ሲባል ድሮ እስቅ ነበር። ቱርቦ ግን ከሚወጣው ጭስ ጉልበት ወስዶ አየሩን ጠቅጥቆ ነው ለሞተሩ የሚያጎርሰው። ውጭ ያለው አየር ቢሳሳም እሱ ይበልጥ እየተሽከረከረ አብዛኛውን ይተካዋል። ጣርማ በር ላይ እነዚህ ሁለቱ ከነፈረሶቻቸው ነው የሚደርሱት። ሙስታንጉ 1,600 ኪሎ ይመዝናል፣ የእኛን ኩርባ ሲዞር እንደ ሰርገኛ በሬ ነው። ይሁንና ለዳገቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ እዚያ ነበር።

ለዳገቱ ብቻ አይደለም ግን።

ያን ዕለት ዋሻው ጋ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። ያንን ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን ዋሻ ያለጉም ያየሁባቸውን ቀናት ብቆጥር ጣቴ ይበቃኛል። ጭላዳዎቹ መንገዱ ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ ሽማግሌዎች መስለዋል። ዞረን ለመመለስ ስል አባባ «ቁልፉን አምጣ» አሉኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሰጠኋቸው። አስቀምጣቸው ዘንድ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩ፣ እሳቸው ግን መሪዋን ነካ ነካ አድርገው፣ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጠው ለቀው፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ተያያዙት።

እኔ የማላውቀውን መኪና አሳዩኝ። ፍሬን የነኩት አራት ወይ አምስት ጊዜ ቢሆን ነው። «በወጣህበት ማርሽ ነው የምትወርደው» ይሉኝ ነበር ድሮ፣ ልጅ ሆኜ ኤንትሬው ውስጥ አስቀምጠውኝ። በሁለተኛ ማርሽ ያዟት፣ ሞተሩ ሳባት፣ እሷም ኩርባው ላይ ሳትወዛወዝ ክንዷን እንዳስደገፈች ሰው ዝቅ ብላ ዞረች። ዳገት ላይ የሰደብኩት ከፍተኛ ዙር እዚህ መልሶ ጠቀመ፤ 7,000 መዞር የሚችል ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ብትይዘው አይጨነቅም። ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ ፍሬኑ አልጋለም፣ አልሸተተም። ያ ሽታ የደብረ ሲና ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ነው። በ40ና በ50 ፍጥነት ነው የወረድነው፤ አንድም የሚያስፈራ ነገር አልሠሩም። ግን አባባን እንደዚያ ፈገግ ብለው ሲነዱ አይቼ አላውቅም። ደብረ ሲና ቆሎ ልንገዛ ስንቆም «ይቺ የምትሰማ መኪና ናት» አሉ። ስለ መኪና ከሳቸው አፍ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይኸው ነው።

ሙስታንግና 370ዜድ ይህንን ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርዱት አልነዳኋቸውምና አልፈርድም። ክብደታቸውን ግን አውቃለሁ። ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ የሚገፋው አንተን ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን እማዬ ነበረች።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላድርስሽ ብዬ በሩን ከፈትኩላት። ነጠላዋን ሰብስባ ልትቀመጥ ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ወንበሩ ግን ገና ነው። በመጨረሻ ዷ ብላ ወደቀችበት። «ምነው ልጄ፣ መሬት ላይ አስቀመጥከኝ እኮ!» ከዚያ ማስወጣቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ ሁለት ሰው እጇን ይዞ ነው የተነሳችው። በመልሱ ባጃጅ ይሻለኛል አለች። በባጃጅ ተሸነፍኩ። በየትኛውም ማነጻጸሪያ ላይ ያልጠበቅኩት ተፎካካሪ ነው።

የመኪናዋ ሆድ ከመሬት 13 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አስፋልት ላይ ምንም አይደለም። የሰፈራችን መግቢያ ላይ ግን ኮብልስቶኑ ሰርጎ አንድ ቦይ ሠርቷል፣ የፍጥነት መቀነሻዎቹን ደግሞ የሠራቸው ሰው መኪና የሚጠላ ይመስለኛል። በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆዷን ፋቅኩት። እያንዳንዱ ድምፅ ጥርሴ ላይ ነው የሚሰማኝ። በሰያፍ ወጣሁ፣ በሰያፍ ወረድኩ፣ ልጆች ቆመው አዩኝ። 370ዜድም ማዝዳዋም ከዚህ አይሻሉም፤ በዚህ ሁሉም ስፖርት መኪኖች እኩል ደሃ ናቸው።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱንም ደፋቻቸው። የአክስቴ ልጅ «ስትመለስ በግ ይዘህልኝ ና» አለኝ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ያለበግ አይገባም፣ ሕግ ነው። 86 የኋላ ወንበር አላት። ሰው እንዳይመስልህ የሚቀመጥበት፤ የአሥር ዓመት ልጅም ይቀየማል። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን አራት ጎማ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ለእሽቅድምድም ለሚሄዱ ሰዎች። አራት ጎማ የሚይዝ ቦታ አንድ የመንዝ በግ ይይዛል። ሸራ አነጠፍኩ፣ እግሩን አስሬ አስገባሁት። እስከ ሸኖ ያንን የሞተር ሙዚቃ አብረን ሰማን፤ እሱም እንደኔ ጫጫ ላይ ሰልችቶት ይጮህ ነበር። ሽታው ለሁለት ሳምንት አልወጣም አሉ።

ከመመለሴ በፊት አንድ የማምነው መካኒክ ጋ ወስጃት ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ዝም አለ። ኮሮላ ላይ ካንዴላ መቀየር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። እዚህ ግን ሞተሩ ስለተጋደመ ካንዴላዎቹ ያሉት በግራና በቀኝ ጎን፣ ከሻንሲው ጋር ተጣብቀው ነው። እጁን አስገብቶ አወጣው፣ ተላጠ። «ወንድሜ፣ ይቺን የሠራት ሰው እጅ አልነበረውም እንዴ?» አለኝ። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሞዴሎች ፋብሪካው ራሱ 2018 ላይ የቫልቭ ሞላቸው እንዲቀየር ጠርቷቸው ነበር፤ ለዚያ ሥራ ሞተሩ መውረድ አለበት። እንዲህ ዓይነት መኪና የምትገዙ ካላችሁ ያ ሥራ መሠራቱን ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ። የዚችኛዋ ወረቀት አልተገኘም። የአክስቴን ልጅ ጠየቅኩት፣ እሱም የሸጠለትን ሰው ጠየቀ፣ ያም ስልኩን አላነሳ አለ።

ቤንዚኑስ? ሞተሩ አየሩን በጣም ነው የሚጨምቀው፣ 12.5 ለ1። እንዲህ የሚጨምቅ ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ሲጨመቅ ያለጊዜው የማይቀጣጠል ቤንዚን ይፈልጋል፤ የእኛ ማደያ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ ምርጫ የለም። የሳሳው አየር ግን አንዴ ጠቀመኝ መሰለኝ። ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩ የመንኳኳት ዕድሉ ይጠባል። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቀን ሲንኳኳ አልሰማሁትም። ሀምሳ ፈረሴን ወስዶ ይቺን መለሰልኝ።

ከ2022 ጀምሮ ያለችው አዲሷ፣ ጂአር86፣ ብትሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። ሞተሩን ወደ 2.4 ሊትር አሳድገው ያንን ጉድጓድ ደፍነውታል፤ ሙሉ የመጎተት አቅሟን 3,700 ዙር ላይ ትሰጣለች። አሁንም ቱርቦ የላትም፣ ጣርማ በር ሩቡን መውሰዱ አይቀርም፤ ግን ሲኖትራክን በሦስተኛ ማርሽ ትቀድማለች ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው የሚቀረውም። በ2016 መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የምናመዛዝነው እዚሁ ያሉትን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጎረቤታችን ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። አንድ ቀን አብሬው ወደ ጣርማ በር ሄድኩ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላ፤ ደብረ ብርሃንም አሰብም ለሱ አንድ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ድምፅ የለ፣ ማርሽ የለ። ሲወርድ ደግሞ ራሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። አባባ ቢያዩት የሚወዱት ነገር ነው። ሁሉም ፈረሶቹ ተገኝተዋል። እኔ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጭላዳ ስቆጥር ነው የሄድኩት። መኪናው ምን እያደረገ እንደሆነ አልሰማሁም፣ አልነገረኝምም።

86ን አልገዛኋትም። እማዬ ናት ምክንያቱ፣ ያ ያልተገኘው ወረቀትም። ከነዚያ ተፎካካሪዎቿ ሁሉ ምረጥ ብትሉኝ ግን ዛሬም እሷን ነው የምመርጠው፣ ከነጉድጓዷ። የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ለአንድ የድሬዳዋ ሰው ሸጣት። ድሬዳዋ ከደንገጎ ቁልቁለት ሥር፣ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁ፤ ከጠፉት ሀምሳ ፈረሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ተገኝተዋል። ይህንን ለአባባ ነገርኳቸው። እሳቸው ስለ ፈረሶቹ ግድም አልሰጣቸው።

«ደንገጎን በስንት ማርሽ ወረደባት?» አሉኝ።